ከጎረቤት አንድ ቁመት በታች

ፍልፈል የሚለውን ስም ያወጣችለት እህቱ ናት። ልጅ ሳለ ግቢ ውስጥ አፈር ሲጭር ውሎ እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ ሲገባ አየችውና «እናቴ ወንድም ወልዳልኝ ነው ወይስ ፍልፈል?» አለች። በዚያው ቀረ። ጢሙ ከሸበተ በኋላ እንኳ ትልቁ «ፍልፈል»፣ ትንሹ «ጋሽ ፍልፈል» ይለዋል፤ እሱም «አቤት» ብሎ ዞር ይላል እንጂ ተቀይሞ አያውቅም። ደግሞ ምን ብሎ ይቀየማል? ሥራው ራሱ ስሙን አጽድቆለታል። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ዕድሜውን ግማሹን ከመሬት በላይ፣ ግማሹን ከመሬት በታች የኖረ ሰው ነው። በመንገድ ሲሄድ እንኳ ጣሪያ የሚገጨው ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚራመደው።

አጭር ነው። ይህን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰፈር የጉድጓድ መለኪያ የፍልፈል ቁመት ነበር። ሜትር የሚባል ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሰው ጉድጓዱን ሊያስጠልቅ ሲመጣ በሜትር አይናገርም፤ «የጎረቤቴ የት ደርሷል?» ብሎ ይጠይቃል። ፍልፈል ይነግረዋል፤ እሱ ነዋ የቆፈረው። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው ከሱ በአንድ ቁመት አስበልጥልኝ» ይላል። 

«በእኔ ቁመት ነው በገመዱ?» ይላል ፍልፈል፤ ሁሌም ይህችን ሳይል አይቀርም።

ገመዱ የሚባለው ጓደኛው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ ሰው፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ገመድ የሚይዝለት። መጀመሪያ ኩራዝ አብርቶ ያወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ አየሩ መጥፎ ነውና ማንም አይወርድም፤ ካልጠፋ ፍልፈል ወገቡን ታስሮ ይወርዳል። «ሚስቴን አምኜ የተኛሁበት ሌሊት ትንሽ ነው፤ ገመዱን አምኜ ያልወረድኩበት ቀን ግን የለም» ይላል ፍልፈል። ሚስቱም ይህን ስትሰማ «ታዲያ እሱ ቀቅሎ ያብላህ» ትለዋለች።

ሰፈሩ በጉድጓድ የተበሳሳው ወዶ አይደለም። የቧንቧው ውሃ እንደ ሩቅ ዘመድ ሳያስታውቅ መጥቶ ሳይሰናበት የሚሄድ ነበር። ቧንቧው የአያቶች ዘመን ቧንቧ ነው፤ መንገዱ ሥር ተሰነጣጥቆ ውሃው ቀን ከሌት ይንጠፈጠፋል። ሰው የሚጠጣው አጥቶ አስፋልቱ ይጠጣል። ወንዙ እንደሆነ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች በዚያ ሳምንት ምን እንደሚያቀልሙ የሚታወቀው በወንዙ ነው። ዝናቡ አልቀረም፣ ይዘንባል። ግን ድሮ ሣርና አፈር የነበረው ግቢ ሁሉ ሲሚንቶ ለብሷል፤ ዝናቡ መሬት ሳይነካ በቦይ ተንደርድሮ የውሃ ሽታ ይሆናል። የሚጠጣው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል። እና ምን ይደረግ? ተቆፈረ። አንዱ ቆፈረ፤ ጎረቤቱ ከሱ በአንድ ቁመት አስበለጠ። ሦስተኛው ከሁለተኛው አስበለጠ። ያኔ የመጀመሪያው ውሃ ሸሸበትና ተመልሶ ወደ ፍልፈል መጣ። 

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» ሲሉት ደግሞ ፍልፈል ይስቃል። «የሚገባበት ይታወቃል፤ እኔ ነኝ!»

እህቱን ሰው ሁሉ አጣቢዋ ይላታል፤ እሱ እትዬ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ውሃ የምትቀዳው ከሩቅ ነበር። ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ ወገቧን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ የምትለው አቀማመጥ ከዓይኑ አልጠፋ ብሎ ነው፣ ጉልበቱ እንደጠና ግቢዋ መሐል ዲጂኖ ይዞ የገባው። የመጀመሪያ ጉድጓዱ ያ ነው። ውሃው ቶሎ ተገኘ፤ ያኔ ውሃ ቅርብ ነበር። ደግሞ ምን ያለ ውሃ! ሳሙና ገና ሳይነካው አረፋው ክንድ ድረስ የሚወጣ። «ውሃዬ ሳሙና ይወዳል» ትል ነበር እትዬ፣ ስለ ልጇ የምታወራ ይመስል።

በዚያ ውሃ ኖረች። ስም አገኘችበት። የሆስፒታሉ አንሶላ በሙሉ እሷ ጋ ይመጣል፤ ሁለት ሴቶች ቀጥራ ከሳፋ ሳፋ እያዘዋወረች ታጥባለች። የግቢዋ ገመዶች ላይ ነጭ አንሶላ ሲወዛወዝ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሠርግ ያለ ይመስለዋል። ማለዳ ደግሞ እጥበት ሳይጀመር በሩ ለጎረቤት ክፍት ነው፤ ጀሪካኑን ይዞ የመጣ ሁሉ ይቀዳል። «ውሃ ከልክሎ ማን ጸደቀ?» ባይ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ቤት እንኳ የኪራይ ነው። የኔ የምትለው ያንን ጉድጓድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠራችው።

«ፍልፈል።»

«አቤት እትዬ።»

«ና፣ ስማልኝ።» ባልዲውን ለቀቀችው። ድሮ «ጧ» ብሎ ያርፍ የነበረው ባልዲ ብዙ ወርዶ፣ ቆይቶ፣ ድንጋይ እንደነካ ድስት «ቋ» አለ። ስታወጣው ሥሩ ላይ ጭቃ ብቻ ነበር።

«ዝናብ ሲገባ ይመለሳል» አላት።

«ዝናቡን ተወው። የላቫጆውን ማነው ያጠለቀው?» ላቫጆው ከግቢዋ ጀርባ ያለው መኪና ማጠቢያ ነው፤ ባለቤቱ ጉድጓዱ ውስጥ ሞተር አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያንዶቀዱቅ ይውላል።

«እኔ ነኝ።»

«የዳቦ ቤቱንስ?»

«እኔ።»

«የባለ ፎቁን?»

«እትዬ ደግሞ! ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቆፋሪ አለ እንዴ?»

«እንግዲያ ውሃዬን የሰጠኸኝም አንተ፣ የወሰድከውም አንተ ነህ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «ሆስፒታሉ ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታዘገዪ በማሽን ለሚያጥቡት እንሰጣለን ብሎኛል። እነዚህን ሁለት ሴቶች ምን እላቸዋለሁ? ማለዳ ጀሪካን ይዞ የሚመጣውንስ?» ባልዲውን አፉን ደፍታ አስቀመጠችው። ከዚያ ያችን ነገር ተናገረች፤ ከሰው ሁሉ ሲሰማት የኖረውን ከእሷ አፍ ግን ሰምቷት የማያውቀውን፦ «ከሁሉም በአንድ ቁመት አስበልጥልኝ።»

«በእኔ ነው በገመዱ?» ማለት አቃተው።

በዚያው ሳምንት የውሃ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ልኮ ሰፈርተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ። ሰሌዳው ላይ አንድ ሰፊ ሰሃን ሣለች። «ይህ ከሥራችሁ ያለው ግራጫ ሸክላ አፈር ነው» አለች። «የምትጠጡት ውሃ ሰሃኑ ላይ ነው ያለው። ሁላችሁም ከአንድ ሰሃን ነው የምትቀዱት። ከሰሃኑ ሥር ያለው ውሃ ግን ጨው ነው። ሰሃኑ ከተበሳ ጨዉ ወደ ላይ ይመጣል። እባካችሁ፣ ከሸክላው በታች አትውረዱ።»

ፍልፈል ከኋላ ወንበር እጁን አነሣ። «ልጄ፣ አንቺ ወርደሽ አይተሽዋል?»

አዳራሹ ሳቀ።

«አልወረድኩም አባቴ» አለች። «ግን ከወንዙ ማዶ የበሱትን ሰዎች አይቻለሁ።»

«እነሱማ ቆፋሪ መስሏቸው ዶሮ ቀጥረው ነው!»

አዳራሹ ተንጫጫ፤ ገመዱ እንኳ፣ የማይስቀው ሰው፣ ፈገግ አለ። መሐንዲሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀጠለች። ሞተር ያላችሁ በተራ ሳቡ አለች። የጣሪያችሁን ውሃ በአሸንዳ ወደ ታንከር አግቡ፤ የተረፈውን ጠጠር ወደተሞላ ጉድጓድ ልቀቁት፣ መሬቱ ይጠጣው፤ ሲሚንቶውን ከየግቢው ጥግ ትንሽ ስበሩለት። መኪና በታጠበበት ውሃ ሌላ መኪና ማጠብ ይቻላል፤ ማጥለያው ከባድ አይደለም። ለሁሉም ግን አንድ ላይ መጀመር አለባችሁ።

«መጀመሪያ የራሳችሁን ቀዳዳ ድፈኑ!» አለ አንዱ። «አስፋልቱ እየዋኘ ነው!»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ቧንቧችን ከሚያመጣው ብዙውን መንገድ ላይ ያፈሳል። እየጠየቅን ነው። ግን እኛን ስትጠብቁ ሰሃናችሁ ያልቃል።»

ባለ ላቫጆው ተነሣ። «እኔ በተራ ብስብ ዳቦ ቤቱ በተራ ይስባል?»

«ባለ ፎቁ ይጀምርና እኔ እከተላለሁ» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ።

«እኔ እንግዳ አይደለሁም እንዴ? ነባሮቹ ይቅደሙ» አለ ባለ ፎቁ።

እንዲህ ሁሉም የሌላውን እግር እያየ ቆመ። ስብሰባው ሲበተን አንዳቸውም አልተራመዱም። ከበሩ ላይ እትዬ ፍልፈልን ክንዱን ያዘችው።

«ልጅቷ ያለችው እውነት ቢሆንስ?»

«እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት አፈር ስትበላ የኖረችው?» አላት። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። ግን ያን ምሽት እራት ሲበላ ሚስቱ ሁለት ጊዜ አናግራው አልሰማትም።

ቁፋሮው ተጀመረ። ገመዱ ኩራዙን አወረደ፤ ኩራዙ በራ። ፍልፈል ወረደ። የልጅነት ሥራውን፣ በወጣት እጁ የደረደረውን ድንጋይ እየዳሰሰ አልፎ ባልነካው አፈር ውስጥ ገባ። አፈሩ በባልዲ ወጣ፤ ቀይ፣ ከዚያ ቡና ዓይነት፣ ከዚያ አሸዋ። ከአሸዋው በታች ዲጂኖው ሌላ ድምፅ አሰማ። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጠረገው። ግራጫ ነው። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ። 

ሸክላው ላይ ውሃ አለ፤ እንደ ላብ ነጠብጣብ ነገር ከአሸዋው ሥር እየወጣ ነው። ፍልፈል ተቀመጠ። እዚህ ላይ ቢያቆምና ወደ ጎን ቢያሰፋው ለመጠጥ፣ ለጎረቤት ጥቂት ጀሪካን ይበቃ ነበር። ለአንሶላ አይበቃም። ይህን ያውቃል። የልጅቷም ሰሃን ትዝ አለው፤ ሰሌዳው ላይ የሣለችው መስመር አሁን መቀመጫውን እያቀዘቀዘው ነው። 

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ገመዱ ከላይ።

«እያሰብኩ ነው!»

«አንተ? ከመቼ ወዲህ?» ከዚያ ድምፁን ለወጠ። «ግራጫው ነው እንዴ የወጣው? ከሆነ ውጣ። ነገ እንነጋገርበት።»

ያኔ ከላይ ያለው ክብ ብርሃን ላይ ሌላ ጭንቅላት ብቅ አለ። እትዬ ናት። ሻሿን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ፊቷ አይታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ግድግዳውን እየነካ ወረደ፤ ልጅ ሆኖ ከመንገድ ስትጠራው እንደነበረው ድምፅ።

«ፍልፈልዬ፣ አገኘህ ወይ?»

ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ለምን እንደመታው ጠይቆታል። መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ዲጂኖውን አንሥቶ መታው።

ሸክላው ወፍራም ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ ታገለው። በመጨረሻ ሲበሳው ውሃው እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ፤ ለብ ያለ ነው። ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን ሸፈነው። «ሳብ!» ብሎ ጮኸ፤ ገመዱም ሳበው። ሲወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሁለቱ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እሱ ራሱ እንደ ሕፃን ይስቃል፤ ጥርሱ ብቻ ነው ከጭቃው የሚለየው።

ፍልፈል አንድ ወግ አለው። አዲስ ውሃ ሲወጣ ቆፋሪ አይቀምስም። የመጀመሪያው ጣሳ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ቀምሶ «ጣፋጭ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ቆፋሪው ልቅመስ ቢል ባለቤቱን ውሸታም እንዳለው ይቆጠራል። ይህን ቁፋሮ ካስተማረው ሰው ነው የወረሰው፤ አፍርሶት አያውቅም። ጣሳውን ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

እትዬ ጠጣች። ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ታየ። ከጣሳው በላይ ፊቱን አየችው። 

«ጣፋጭ ነው» አለች።

በማግሥቱ ፍልፈልና ገመዱ ራቅ ወዳለ ከተማ ለሥራ ሄዱ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ነበርና ብዙ ከረሙ። 

እሱ በሌለበት የሆነውን ከሁለቱ ሴቶች ነው በኋላ የሰማው። መጀመሪያ ሳሙናው አላረፋ አለ። እትዬ «ጭቃው ገና አልረጋም» እያለች ሳሙና ጨመረች። አንሶላው ሲደርቅ እንደ ካርቶን ቆመ። በእጅዋ እያሸች ልታለሰልሰው ሞከረች፤ መዳፏ ተሰነጣጠቀ። ማለዳ የሚቀዱት ጎረቤቶች አንድ በአንድ መምጣት ተዉ፤ ፊት ለፊት ግን አንድም የተናገራት የለም፤ «ዛሬ የቧንቧው መጥቶልናል» እያሉ ነው የቀሩት። ሴቶቹን «ለፍልፈል የነገረች ከእኔ ጋር እህል ውሃዋ አለቀ» አለቻቸው። ሆስፒታሉ አንሶላውን መለሰ፤ የተኙት ሰዎች ሰውነታችን በላን ብለዋል። ከዚያ ጨዉ አጥር ዘለለ። የሞተሮቹ ጉተታ ወደ ላይ ስቦት ወደ ላቫጆው ገባ፤ የታጠቡት መኪናዎች ሲደርቁ ነጭ ነጭ ዝንጉርጉር ሆኑ። ወደ ዳቦ ቤቱ ገባ። ባለ ፎቁ ግቢ ያለው የሎሚ ዛፍ ቅጠሉን አራገፈ።

ፍልፈል ከመንገድ እንደተመለሰ መጀመሪያ የረገጠው ዳቦ ቤቱን ነው፤ ለእትዬ ትኩስ ዳቦ ሊገዛ። 

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ፤ ቆርሶ ሰጠው። «ቅመሳትማ። ጨው የሚባል ነገር አልጨመርኩባትም፤ ከመጨመር ከተገላገልኩ ሰነበትኩ።»

ፍልፈል ቀመሰ። ዳቦው አፉ ውስጥ ቆመ። 

እትዬ ግቢ ሲገባ ገመዶቹ ባዶ ናቸው። እሷ ብቻዋን ሳፋ ላይ አጎንብሳ የራሷን ቀሚስ ታጥባለች። ሳፋው ውስጥ አረፋ የለም፤ ሳሙናው እንደ እርጎ ተቆራርጦ ይንሳፈፋል።

«እትዬ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ስጪኝ።»

ቀና አለች። «መቼ መጣህ? ሻይ ላፍላልህ፣ ደክሞሃል።»

«ውሃ።»

«ቁጭ በላ መጀመሪያ!»

ራሱ ሄዶ ቀዳ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ወጉን አፍርሶ ቀመሰ። ለብ ያለ፣ እንባ እንባ የሚል ውሃ ነው። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ጣሳ።»

«ታዲያ ለምን?»

እጅዋን በቀሚሷ ጠረገች። «አንተ ያን ቀን ከጉድጓድ ስትወጣ ፊትህን አላየኸውማ! ልጅ ሆነህ የመጀመሪያውን ውሃ ያወጣህልኝ ቀን የነበረው ፊት ነበር። ያን ፊት ደግሜ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። በምን አፌ ጨው ነው ልበልህ? ይጠራል ብዬ ነበር። ጭቃው ነው ብዬ።»

«ያን ቀን ብትነግሪኝ በዚያኑ ቀን እደፍነው ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ይህን ካለ በኋላ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ፤ ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ጣሳውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ለእኔም ተነግሮኝ ነበር» አላት። «በሰው ፊት። አንቺ ለእኔ አዝነሽ ዋሸሽ፤ እኔ ምን ነክቶኝ ሳቅኩ?»

መሐንዲሷን ቢሮዋ ድረስ ሄዶ አገኛት። ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ፣ ስታየው ትስቅብኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። አልሳቀችም። ወንበር ሳበችለት።

«በሳሁት» አላት።

«ሰምቻለሁ።» እሷም ተቀመጠች። «በራሱ በሸክላው መደፈን አለበት፤ ከሰሃኑ በላይ ድረስ። ሞተሮቹ ፋታ መስጠት አለባቸው። ከዚያ ዝናቡን ወደ ታች እየመለሱ ጣፋጩ ውሃ ሲበረክት ጨዉን ቀስ በቀስ ይገፋዋል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ደስ የሚልዎትን?»

«ደስ የሚለውን ጠግቤዋለሁ ልጄ።»

«እርስዎ አያዩትም» አለች። «እኔም ላላየው እችላለሁ።»

ፍልፈል እህቱ ፊት ቆሞ ይህን መናገር ነበረበት። ጉድጓዱን መግደል ማለት ነው፤ እሱ የሰጣትን፣ የኔ የምትለውን አንድ ነገር። ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ ገና አፉን ሳይከፍት «ይደፈን» አለችው። «ግን ሌላ ሰው እንዳይነካው። ራስህ ድፈነው።»

የወጣውን ግራጫ ሸክላ ከአጥሩ ሥር ሰበሰቡት። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይወርድም፤ ስለዚህ ሸክላው በእጅ እየተድቦለቦለ እንደ ሊጥ ኳስ ይጣላል፣ ከዚያ ገመዱ በገመድ ባሰረው ከባድ ግንድ እየተወቀጠ ይጠቀጠቃል። እትዬ የመጀመሪያዋን ኳስ አድቦለበለች። ያ የተሰነጣጠቀ እጅዋ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ፍልፈል ማየት አልቻለም። ሁለቱ ሴቶች ከእንግዲህ እዚያ ሥራ የላቸውም፤ ቢሆንም መጡ። ባለ ዳቦ ቤቱም እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። «ማድቦልቦልማ የእኔ ሙያ ነው» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም አልጠበቀም።

ባለ ላቫጆው በሩ ላይ ቆመ። «አንድ ሰው ሰፈር አበላሸ» አለ ጮክ ብሎ።

እትዬ ከጭቃው ቀና አለች። «ከጎረቤቴ አስበልጥልኝ ያለው ማነው መጀመሪያ? እኔ እኮ የመጨረሻዋ ነኝ። የመጨረሻው ሰው ነው የሚታየው።»

ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ከሌላ ከተማ ማሽን አስመጥቶ ከአጥሩ ወዲያ አዲስ አስቆፈረ፤ እሱም ጨው ሆነ፤ ላቫጆውን ዘግቶ ሰፈር ለቀቀ።

ጉድጓዱ ሲደፈን ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ኳሱ ውሃ ውስጥ ሲገባ «ጉም» ይል ነበር። ከዚያ ድፍን ሆነ። ከዚያ ምንም። እትዬ ከአፉ ላይ ያሉትን ድንጋዮች፣ ወንድሟ በልጅነቱ የደረደራቸውን፣ እንዳይነሡ አለች። አሁንም አሉ፤ ቀለበት ሠርተው ምንም ሳይዙ ተቀምጠዋል።

ሆስፒታሉ አንሶላውን በማሽን ለሚያጥቡት ሰጠ። እትዬ እዚያው ተቀጠረች፤ የደረቀውን ታጥፋለች። ውሃ አትነካም። «እጄ ዳነ» ትላለች ሲጠይቋት።

ፍልፈል ጉድጓድ መቆፈር አልተወም፤ ሌላ ሙያ የለውም። አሁን ግን የሚቆፍረው አጫጭር ነው፤ ቁመቱን እንኳ የማያህል፤ ጠጠር የሚሞላ፣ ከአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ የሚውጥ። የመጀመሪያውን ባለ ዳቦ ቤቱ ግቢ ቆፈረ። ሁለተኛውን በግድ ባለ ፎቁን ለምኖ። የሚያስቆፍር ሰው ጥቂት ነው፤ ውሃ ለማውጣት የሚከፍል እንጂ ለማስገባት የሚከፍል ማን አለ? የሰፈሩ ሰው «ፍልፈል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ» ይላል። ገመዱ ገመድ የሚይዝበት ጥልቀት ስለሌለ ጠጠር ይሸከማል፤ ወገቡን እያመመው፣ ሳያጉረመርም። 

የእትዬን ግቢ የቆፈሩት ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ ከድንጋዩ ቀለበት ፈንጠር ብሎ። ሲሚንቶውን ራሷ በመዶሻ ሰበረችው። ዝናቡ የመጣው ገና ጠጠሩን ሞልተው ሳይጨርሱ ነው። ፍልፈልና እትዬ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው ቆሙ። ውሃው በአሸንዳው ተንኳኩቶ ወረደ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ጠጠሩ መሐል ጠፋ። 

«ወዴት ነው አሁን የሚሄደው?» አለች።

«ወደ ታች። ወደ ሰሃኑ።»

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«መቼ?»

ፍልፈል ፊቷን አየ። ያኔ ከጣሳው በላይ ያየችውን ፊት ዳግም ማየት የፈለገች ይመስላል፤ ወይም እሱ እንደዚያ መሰለው። ማለዳ የባለ ዳቦ ቤቱን ጉድጓድ ውሃ ቀምሶ ነው የመጣው፤ አሁን በየጊዜው ይቀምሳል፣ ያን ወግ ትቶታል።

«እኛ አንደርስበትም እትዬ» አላት።

«ዛሬስ ቀምሰሃል?»

«ቀምሻለሁ።»

«እንዴት ነው?»

«ጨው ነው።»

«እንደ ባለፈው?»

«እንደ ባለፈው።»

ራሷን ነቀነቀች። ዝናቡ ሻሿን እያረጠበው ወደ ጠጠሩ ክምር ወጣችና ባልዲውን ጠጠር ሞልታ አቀበለችው።